ጣት የሚያስገባ ሹሩባ

ባለፈው ሳምንት አዳማ ወርጄ ነበር። ከመናኸሪያ የተሳፈርኩባት ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ሻሿን ፈትታ እንደገና ስታስር፣ የጉሎ ዘይትና የቅርንፉድ ሽታ አፍንጫዬን መታው። ወይኔ! ሰውነቴን በሙሉ ነዘረኝ።

"ይቅርታ እህቴ፣ ፀጉርሽን ምን ተቀብተሽ ነው?" አልኳት።

ልጅቷ ደነገጠች። "ይሸታል እንዴ?"

"ኧረ ይሽተት! እንኳን ሸተተ!"

የባጃጁ ሹፌር በስፖኪዮ አየኝ። እብድ የጫነ ሳይመስለው አልቀረም። ምን ላድርግ! ያ ሽታ አንዴ ከያዘኝ አለቀልኝ። በአንድ አፍታ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ፣ በርጩማ ላይ፣ በአባቴ ሁለት ጉልበቶች መካከል ቁጭ አልኩ። መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ። በእግሬ ስመለስም ብቻዬን እየሳቅኩ ነበር።

አባቴ ደረጄ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። እናቴ እኔ ገና ዳዴ ስል ስላረፈች ያሳደገኝ እሱ ነው፤ እሱና ዘነቡ የምትባል ሠራተኛችን። ፀጉሬን የምትሠራኝ ዘነቡ ነበረች። አራተኛ ክፍል በገባሁበት መስከረም ግን ዘነቡ አግብታ ወለንጪቲ ሄደች። አባቴ እኔን ብቻዬን ላለማሳደር ሲል የሚወደውን የጅቡቲ መስመር ትቶ፣ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር የማመላለስ ሥራ ያዘ። ማታ ማታ ቤቱ ያድራል። ምግብ ማብሰሉን እንደምንም ተወጣው። ፀጉሬ ላይ ሲደርስ ግን ትንሽ እንኳን አልተጨነቀም።

"ዕድሜ ልኬን ሸራ ያሰርኩ ሰውዬ ሹሩባ ያቅተኛል?" አለኝ። "ነይ ተቀመጪ!"

በአባቴ ዓለም ጥሩ ማለት ጥብቅ ማለት ነው። የጭነት መኪና ሸራ ከላላ ነፋስ ይገባና ይቀደዋል፣ ዕቃው ይበላሻል፣ ሹፌሩ የሹፌሮች መሳቂያ ይሆናል። ደረጄ ያሰረው ሸራ ጅቡቲ ደርሶ እስኪመለስ ፍንክች አይልም ይባልለት ነበር። ፀጉሬንም እንደዚያው አደረገው። አንድ እግሩን በርጩማው ላይ ተክሎ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ "ያዝ!" እያለ ጎተተው። ሲጨርስ ቅንድቤ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ዓይኔ ወደ ጆሮዬ ተስቦ፣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ያስገረመኝ እመስል ነበር። መሳቅ ራሱ ያመኛል።

"አየሽ? ወር ሙሉ አይነቃነቅም!" አለ ላቡን እየጠረገ።

እኔስ? በደስታ ሞትኩ! የክፍሌ ሴቶች ሹሩባ በሳምንቱ ሲንጨባረር የእኔ እንደታሰረ ነው። ራስ ምታቱንም ቢሆን ከአባቴ እጅ ጋር አላገናኘሁትም፤ የራሴ ምክንያት ነበረኝ። ዘነቡ ስታበጥረኝ ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ፀጉር ጠቅልላ በብሎኬት አጥራችን ቀዳዳ ውስጥ ትወትፈው ነበር። "ወፍ ወስዳ ጎጆ ከሠራችበት ራስሽን ያምሻል" ብላኛለች። እንግዲህ ራሴን ካመመኝ አንዲት ወፍ ሰርቃኛለች ማለት ነው! ግቢያችን ውስጥ ትልቅ የኒም ዛፍ ነበረ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ወርውሬ ዛፉ ላይ እወጣና ጎጆ እፈትሻለሁ። አንድ ቀን አንዷን ወፍ "ፀጉሬን መልሺ!" ብዬ ስጮህባት አባቴ ሰማኝ።

"ከማን ጋር ነው የምትጣዪው?"

ነገርኩት። አልሳቀም። በነጋታው ለቀዳዳው ልክ የሆነ ድንጋይ ፈልጎ ክዳን አበጀለት። የአባቴ ነገር እንዲህ ነው፤ ካመነ ያምናል።

ራሴን የሚያጥበኝም በልብስ ሳሙና ነበር፤ አረፋው ስለሚበዛ። በደረቁ ያበጥረኛል፤ ያውም ከሥር ጀምሮ ወደ ጫፍ፣ በሙሉ ጉልበቱ። ሹሩባዬን በፈታ ቁጥር ቀዳዳው ይሞላ ጀመር። ታኅሣሥ ላይ ነፋሱና አቧራው ሲነሳ፣ ግንባሬ ዳር ያለው ፀጉር ተሰናብቶኝ ሄደ። ትምህርት ቤት አንዱ ባለጌ "የሄሊኮፕተር ማረፊያ" የሚል ስም አወጣልኝ። እኔ ጥፋቱን ሁሉ በውኃው ላይ ጣልኩት። የእኛ አካባቢ ውኃ ጥርስ እንደሚያበልዝ ማንም ያውቃል፤ ጥርስን የሚያህል ጠንካራ ነገር ካበላሸ ፀጉርማ ምን ያቅተዋል ብዬ።

የጥምቀት ለት የእናቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ማርታ፣ ከአዲስ አበባ መጣች። አክስቴ ማርታ ስትመጣ ግቢው ሁሉ ሽቶ ሽቶ ይላል። እኔን የሚገርመኝ ግን ፀጉሯ ነበር። መስቀል ላይ ስትመጣ ትከሻዋ ላይ ነበር፤ ጥምቀት ላይ ወገቧ ደርሷል! ያውም ዞማ! እኔ በዚያ ዕድሜዬ ያገኘሁት መልስ አንድ ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ፀጉር ያሳድጋል። ወይ አየሩ ነው፣ ወይ ውኃው ነው ብዬ ደመደምኩ።

አቅፋ ስማኝ ስታበቃ ግንባሬን የምሸፍንበትን ኮፍያ አነሳች። ግንባሬን በመዳፏ ዳበሰችው። ከዚያ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች።

"የእህቴ ፀጉር እኮ ነው! ደረጄ፣ የእህቴን ፀጉር ምን አደረግከው?"

አባቴ እጆቹን ኪሱ ከተተ፣ አወጣ፣ መልሶ ከተተ። "እኔ እንጃ ማርታ። ነፋሱ ነው መሰለኝ" አለ።

"የምን ነፋስ! ወንድ ብቻውን ሴት ልጅ አያሳድግም ብዬህ ነበር፤ አልሰማ አልክ። አሁን ስማኝ። ለፋሲካ እመጣለሁ። ግንባሯ ላይ ፀጉር ካላየሁ ልብሷን ሸክፈህ ጠብቀኝ። እኔ ጋ ሆና ነው የምትማረው፤ አለቀ!"

"እሺ" አለ አባቴ።

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። አዲስ አበባ ገብቼ ፀጉሬ ወገቤ ሲደርስ ታየኝ። አመሻሹ ላይ ግን አባቴ መኪናው ውስጥ ገብቶ፣ ሞተር ሳያስነሳ፣ መሪውን ይዞ ቁጭ ብሎ አየሁት። ተንጠላጥዬ ወጣሁና በሩን ከፍቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ዓይኑ ቀልቷል። የዚያን ጊዜ ቆረጥኩ። እኔ አባቴን ጥዬ የትም አልሄድም! አክስቴ የምትፈልገው ፀጉር ከሆነ ፀጉር ታያለች!

የቤቶቻችን ግድግዳ ስስ ስለሆነ፣ በኦሮምኛ እናት እንደማለት አዴ የምንላቸው ጎረቤታችን፣ አዴ ዘሃራ፣ ሁሉንም ሰምተዋል። አዴ ዘሃራ ወንጂ ሸንኮራ መሀል ተወልደው ያደጉ፣ ሴት ልጆች ብቻ ወልደው ሁሉንም የዳሩ፣ ድምፃቸው ከግቢ አልፎ ጎዳና የሚወጣ ሴትዮ ናቸው። በማግስቱ ጠዋት ሳይጠሩ ገቡ።

"አከም ቡልተን? ደህና አደራችሁ?" አሉና መልስ ሳይጠብቁ ከኋላዬ ቆሙ። የሌባ ጣታቸውን ሹሩባዬ ሥር ለማስገባት ሞከሩ። እምቢ አላቸው።

"ደረጄ፣ ይቺ ልጅ ጭነት ናት እንዴ?"

"ኧረ አዴ ዘሃራ፣ ምን አጠፋሁ?"

"ጣቴ የት ትግባ? እ? ሥሩን እየነቀልክ እኮ ነው የምታስረው። ነፋስ ነው ይላል ደግሞ! ነፋሱ አንተ ነህ!"

አባቴ የራሱን ጣት ሞከረ። በአንዱ ሹሩባ ሞከረ፣ በሌላው ሞከረ። ፊቱ ሲለዋወጥ ታየኝ።

"እኔኮ ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ነው" አለ፤ ጣቱን እያየ።

"አውቃለሁ ልጄ። ክፉ አላሰብክም" አሉት፤ እሳቸውም ለዘብ ብለው። "ከዛሬ ጀምሮ ጣት የማያስገባ ሹሩባ እንዳትሠራ። አመመኝ ካለችህ ጥፋቱ የእጅህ ነው፣ ፈትተህ እንደገና ትጀምራለህ።"

እኔ ግን አላመንኳቸውም። ለምን መሰላችሁ? አዴ ዘሃራን ያለ ሻሽ አይቻቸው አላውቅም፤ ስለዚህ መላጣ ናቸው ብዬ ከወሰንኩ ቆይቻለሁ። "አባዬ፣ ራሳቸው ፀጉር የላቸውም እኮ!" ብዬ በሹክሹክታ ነገርኩት። የእኔ ሹክሹክታ ደግሞ መቼም ሹክሹክታ ሆኖ አያውቅም።

"ነይ እስቲ አንቺ!" አሉና ክንዴን ይዘው ቤታቸው አስገቡኝ። በሩን ዘጉ። መጋረጃውን ሳቡ። ሻሻቸውን ፈቱ፣ ከሥሩ ያለውንም ፈቱ። ኧረ ጉድ! ነጭ፣ ወፍራም፣ ሁለት ጉንጉን ወገባቸው ድረስ ዱብ አለ! አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

"ንኪው፣ አይዞሽ" አሉኝ። ነካሁት። ለስላሳ ነው። የጉሎ ዘይትና የቅርንፉድ ሽታ ክፍሉን ሞላው።

"ይሄ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም፣ ኢንተለ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተንከባከብኩት ነው። ደግሞ ያየሽውን ለማንም እንዳታወሪ።"

ማልኩላቸው። ወዲያው ግቢውን በሩጫ አቋርጬ፣ "አባዬ! አዴ ዘሃራ የሚሉህን ሁሉ አድርግ! ሁሉንም!" ብዬ ጮህኩ።

"ምነው? ምን አየሽ?"

"ምንም!"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ! ያ ጥብቅ ሹሩባ ሲፈታ ራሴ ቀለለኝ፣ ቅንድቤም ወደ ቦታው ተመለሰ። የልብስ ሳሙናው ወደ ልብሱ ሄደ፣ አባቴም ሻምፖ ገዛ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለብ ባለ ውኃ ታጥቤ፣ ፀጉሬ ገና እርጥብ ሳለ ዘይት ይነካዋል፤ ከዚያ ጥርሱ በራቀ ማበጠሪያ ከጫፉ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ሥሩ ይኬዳል። አባቴ መጀመሪያ ላይ ነገሩ አልገባውም ነበር። ሲገባው ግን ጭኑን መታ።

"ተሳቢ ወደ ኋላ እንደማስገባት ነው በይኛ! ከቸኮልክ ይታጠፍብሃል!"

ችግሩ እጁ ነበር። የሹፌር እጅ ሻካራ ነው፤ መዳፉ ፀጉሬን ይዞ ይቀራል። አዴ ዘሃራ አይተው "ስኳር አምጣ" አሉት። ስኳርና ዘይት መዳፉ ላይ አድርገው እንዲያሽ አዘዙት። ለወንጂ ሰው መቼም ስኳር መድኃኒት የማይሆንበት ነገር የለም። ለአባቴ ግን ሠራለት! በየማታው ውጭ ቁጭ ብሎ እጁን በስኳር ሲያሽ፣ አላፊ አግዳሚው እያየው ሲስቅ፣ እሱ ግድ አልነበረውም።

በየማታው ደግሞ ያ የምወደው ሰዓት ይመጣል። በርጩማዬን አመጣለሁ፣ ጉልበቶቹ መካከል እቀመጣለሁ፣ እሱ ጉሎ ዘይቱን መዳፉ ላይ አሙቆ በጣቶቹ ጫፍ ራሴን ያሸኛል። "በጥፍር አይደለም፣ በጣት ሥጋ!" ይላሉ አዴ ዘሃራ ከበራቸው ላይ ሆነው፤ ሳያዩ ያውቃሉ። እሱ ስለ ውሎው ያወራኛል፣ እኔ ስለ ውሎዬ አወራዋለሁ። በፊት እንዲህ አውርተን አናውቅም ነበር። እሱ አይናገርም፣ እኔ ደግሞ ከወፎች ጋር ነበር የማወራው።

ሁዳዴ ሲገባ አንድ ከባድ ጥያቄ መጣ። አዴ ዘሃራ ለራሴ አልፎ አልፎ ለጋ ቅቤ ይሻላል ብለው ነበር። አባቴ የቅቤውን ዕቃ ይዞ በራቸው ላይ ቆመና አንገቱን አከከ።

"አዴ ዘሃራ፣ ቅቤ ራስ ላይ ሲሆን ጾም ያስገድፋል እንዴ?"

እሳቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "ያ ረቢ! እኔን ነው የምትጠይቀኝ? ሂድና ቄሶቻችሁን ጠይቅ!"

አባቴ ቄስ ጋ ሄዶ ስለ ሹሩባ መጠየቁ አሳፈረው መሰለኝ፣ ቅቤው ለፋሲካ ይቆይ ተባለና በጉሎ ዘይት ቀጠልን። እኔ ግን ነገሩን ጨርሼ አልተውኩትም። ዘይት በራስ ቆዳ ገብቶ ሆድ ይደርስ ይሆን እያልኩ፣ ከተቀባሁ በኋላ ምላሴን በመስታወት አይ ነበር።

የምበላውም የእሳቸው ጉዳይ ሆነ። "ፀጉር ከውስጥ ነው የሚበቅለው፤ ልጅ አይጾምም፣ እንቁላል አብላት፣ ምስር አብላት" ይላሉ። ከጓሯቸው ፓፓያ ቆርጠው ያመጣሉ። በዚያ የአዳማ ሐሩር ውኃ እየጠጣሁ መሆኑን ለማረጋገጥ ኮዳዬን አንስተው ይነቀንቃሉ። ያው ጥርስ የሚያበልዘው ውኃ ነው ብዬ ስከራከር፣ "አንቺ ብቻ ጠጪ፤ ፀጉርሽን የፈጀው ውኃው ሳይሆን አባትሽ ነው!" አሉኝ።

ሻሹን ደግሞ አልረሳውም! ብርድ ልብሴ ሸካራ ስለሆነ ፀጉሬን ሌሊቱን ሙሉ ሲፈትገው ያድራል ብለው አዴ ዘሃራ አንድ የሚያንሸራትት ሐምራዊ ሻሽ ሰጡኝ። አስሬው ስተኛ የሰርግ ቤት እመቤት የሆንኩ ይመስለኛል። አባቴ ከመጋረጃው ማዶ ካለው አልጋው ሆኖ፣ በጅቡቲ መንገድ ረዳቱን ይጠይቅ እንደነበረው ይጣራል።

"ሸራ?"

"ታስሯል!" እላለሁ።

"ጎበዝ ረዳት!"

በዚያ እየሳቅን እንተኛለን።

ሹሩባው ራሱ ግን ቶሎ አልመጣለትም። ሲያላላው ይፈታል፣ ሲያጠብቀው ያመኛል። ምን አደረገ መሰላችሁ? ሞጆ ወረፋ ሲጠብቅ ገመድ ተርትሮ መሪው ላይ አንጠልጥሎ መለማመድ ጀመረ! ሹፌሮቹ አዩታ። "ደረጄ፣ ፀጉር ቤት ልትከፍት ነው እንዴ?" "እኔንስ መቼ ትሠራኛለህ?" እያሉ መሳቂያ አደረጉት። እሱ ይስቅና ይቀጥላል። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ጠጋ ብሎ "ስማ፣ የእኔም ልጅ ግንባሯ ዳር ተመልጣለች..." አለው። ሌላውም መጣ። አባቴ ያን ማታ እቤት ገብቶ ይሄን ሲነግረኝ አፉ ከጆሮ እስከ ጆሮ ነበር። "ጣት ማስገባት አለበት አልኳቸው!" እያለ ጣቱን አየር ላይ ያሳየኛል።

እኔ ግን ውስጥ ውስጡን እየተጨነቅኩ ነበር። በየጠዋቱ ግንባሬን በመስታወት አያለሁ፤ ያው ነው። ፋሲካ ደግሞ እየገሰገሰ ነው። ከሁሉ የባሰው በሆሳዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ፣ የሆነው ነው። አባቴ አበጥሮኝ ሲጨርስ እንደ ልማዴ የወለቀውን ፀጉር ጠቅልዬ ቀዳዳው ውስጥ ልከት ማበጠሪያውን ተቀበልኩት። ባዶ ነው! አገላበጥኩት። አንድም ፀጉር የለም።

ክው አልኩ። ለካ በየሳምንቱ እየቀነሰ ነበር፤ ባለፈው ቅዳሜ ትንሽ ነበረች፣ ዛሬ ጭራሽ የለም። አለቀ ማለት ነው! እንደ ጋዝ፣ እንደ ዘይት፣ ፀጉሬ አልቋል! ማበጠሪያውን ይዤ እየጮህኩ አዴ ዘሃራ ቤት ገባሁ።

"አለቀ! ፀጉሬ አለቀ! አክስቴ ልትወስደኝ ነው!"

ማበጠሪያውን ተቀብለው ወደ ብርሃን ያዙት። ፊታቸው ፈካ። ከዚያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? እልልታቸውን አቀለጡት!

"ምን ያስለቅስሻል አንቺ ሞኝ! ያልወደቀ ፀጉር የት ይሄዳል? ራስሽ ላይ ነው ያለው!"

እየጎተቱ አባቴ መኪና ጋ ወሰዱኝና በትልቁ ስፖኪዮ አጠገብ እንዲያቆመኝ አባቴን አዘዙት። ከፍ አድርጎ ያዘኝ። ፀሐይ ከጎን እየመታኝ ነው። ቤት ውስጥ በዚያች ጨለማ መስታወት የማይታየው ነገር እዚያ ታየኝ! ግንባሬ ዳር ላይ፣ ያ ማረፊያ የተባለው ቦታ ሁሉ፣ ጥቁር፣ ጥቅልል ያለ፣ አዲስ ፀጉር በቅሏል! አጭር ነው፣ ግን ሞልቷል!

"አባዬ! አየኸው? አየኸው?"

አባቴ አየው። እኔን አውርዶ ዘሎ መኪናው ውስጥ ገባና ጡሩምባውን ለቀቀው። ያ የከባድ መኪና ጡሩምባ! ሰፈሩ በሙሉ እሳት የተነሳ መስሎት ወጣ። ዶሮዎች ተበተኑ። የኒሙ ወፎች በአንዴ ተነሱ፤ ያን ቀን ይቅር አልኳቸው።

በፋሲካ ማግስት አክስቴ ማርታ መጣች። ያን ጠዋት አባቴ በዋዜማው የሠራኝን ሹሩባ እያየ ይመጣል፣ ይሄዳል። ከበሩ ኋላ አንድ ነገር አየሁ፤ ቦርሳዬ ነው። ልብሴ ታጥፎ ተከቷል። ቃል ቃል ነው ብሎ፣ እንደ ታዘዘው ሸክፎ ጠብቋታል። "ይበቃት ይሆን?" እያልኩ ግንባሬን ነካሁ።

አክስቴ ገባች። ፀጉሯ አሁን ደግሞ ቡናማ ሆኖ፣ ተጠቅልሎ፣ ትከሻዋ ላይ ተመልሷል። እኔን ወደ በሩ ብርሃን ወሰደችኝ። አየች። በጣቷ ዳበሰች። እንደገና አየች።

"ማነው የሠራሽ? ፀጉር ቤት ወሰደሽ እንዴ?"

"አባዬ ነው!"

"ደረጄ? ውሸት! ሴት አምጥቷል በይኛ።"

"እኔ ነኝ ማርታ" አለ አባቴ።

"እንግዲያው እዚሁ ፊቴ ሥራት!"

አዴ ዘሃራ ለፋሲካ ተጠርተው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። አባቴ እጁን ታጠበ። በርጩማው መጣ። ሹሩባዬን ፈታ፣ በውኃ አረጠበ፣ ዘይት አሞቀ፣ ከጫፍ ጀመረ። እኔ ተቀምጬ በልቤ አባዬ አይዞህ፣ አባዬ ቀስ በል እላለሁ። ትንሽ ቆይቶ እጁ መንገዱን ያዘ። አክስቴ ጠጋ አለች። እንደገና ጠጋ አለች። ማበጥሩን ሲጨርስ ማበጠሪያውን ከእጁ ተቀበለችው።

"የወለቀው ፀጉሯ የታለ?"

"ራሴ ላይ!" አልኩ።

አዴ ዘሃራ ሳቃቸው አመለጣቸው። አባቴ አንዱን ሹሩባ ሠርቶ ሲጨርስ አክስቴ ጣቷን ከሥሩ አስገባች፤ ማንም ሳይነግራት። ገባላት።

"ደረጄ፣ በሩን ዝጋው" አለች።

ተዘጋ። አክስቴ ሁለት እጇን ወደ ራሷ ሰደደችና ያን ሁሉ ፀጉር አወለቀችው! ኧረ በሕግ! ጮህኩ! ፀጉሯ እንዳለ እጇ ላይ ቀረ! ከሥሩ ሳሳ ያለ፣ ከራሷ ቆዳ ጋር የተጣበቀ ጥብቅ ሹሩባ ነበረ፤ ግንባሯ ዳር ደግሞ እኔ ጥምቀት ላይ ከነበርኩት የባሰ ተራቁቷል። አዲስ አበባ ፀጉር ያሳድጋል ያልኩት ነገር እዚያው ላይ አበቃለት።

"ዊጉ አይያዝም እየተባለ ከሥሩ ያለው ሹሩባ ይጠብቃል፣ ዊጉ ይለጠፋል፣ እንደገና ይጠብቃል" አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። "ያመኛል። ሁልጊዜ ያመኛል። አንተን ስቆጣ የራሴን ደብቄ ነው።" በርጩማውን በእጇ ሳበችና ቁጭ አለች። "ሥራኝ ደረጄ። እንደ እሷ አድርገህ ሥራኝ።"

አባቴ ወደ አዴ ዘሃራ አየ። አዴ ዘሃራ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ካመመሽ ንገሪኝ። ጥፋቱ የእጄ ነው" አላት አባቴ።

እኔ ዘይት ያዥ ሆንኩ። አባቴ ቀስ እያለ ሠራት። መሃል ላይ አክስቴ ዓይኗን ጨፈነች፤ ተኛች ልበል? ትከሻዋ ሲወርድ አየሁ። ሲጨርስ አዴ ዘሃራ ተነስተው ጣታቸውን አስገብተው ፈተሹና "ገለቶሚ!" አሉ፤ ምስጋናው ለእሷ ይሁን ለእሱ ዛሬም አላውቅም።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አክስቴ ሻሽ አስራ ለመሄድ ተነሳች። ዊጓ በፌስታል ነው። ዓይኗ ከበሩ ኋላ ያለው ቦርሳዬ ላይ አረፈ።

"ይሄን ቦርሳ ልወስደው ነው" አለች።

አባቴ ግድግዳውን ተደገፈ። አክስቴ ቦርሳውን አነሳች፣ ዚፑን ከፈተች፣ ልብሴን በሙሉ አልጋዬ ላይ ዘረገፈችው። ከዚያ ባዶውን ቦርሳ ለአዴ ዘሃራ ዘረጋችላቸው።

"እስቲ ይሙሉልኝ፤ ዘይቱንም፣ ፓፓያውንም፣ የልጅቷንም የመሰለች ሻሽ ካለች።"

ሞሉላት። ቦርሳዬ አዲስ አበባ ሄደ። እኔ ቀረሁ! ሚኒባሱ እስኪታጠፍ ድረስ ከአባቴ ጋር እጄን ሳወዛውዝ ቆየሁ፤ ስንመለስ ልብሴን አንድ በአንድ ወደ ቦታው መለስነው፣ እሱ እያጠፈ፣ እኔ እየደረደርኩ። ያን ማታ ከመጋረጃው ማዶ "ሸራ?" ሲለኝ፣ ግቢው እስኪሰማ "ታስሯል!" ብዬ ጮህኩ።